ዋስ የሌለው አይግባ ያልሁት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ በኪዳነ ምሕረት

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ልጅ ትርንጎ ናት፤ ከዐረብ አገር ተመልሳ እዚሁ ደብረ ታቦር ከእኔ ጋር ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ጉድ ነው የሰማሁት! የደብራችን ልጆች የትም ይኑሩ የት በኢሜይል ማኅበር አላቸው፤ አንዱ ሲጽፍ ለሁሉም ይደርሳል። ዛሬ ትርንጎ ስታነብልኝ፣ የባሕር ዳሩ መስፍን የሐሙሲት ከተማዋን ስንዱን እሑድ ያገባል። ክው አልሁ። የእሱ ቅድመ አያትና የእሷ ቅድመ አያት የአንድ እናት ልጆች ናቸው! አራት ቤት! እስከ ሰባት ሳይቆጠር መጋባት ከመቼ ወዲህ ነው? «ሥጋችሁ አንድ ነው፤ አቁሙ» ብዬ ለማኅበሩ አስጻፍሁ። ላከችው።

ማክሰኞ፣ በእስጢፋኖስ

መልስ የለም። የሚጎርፈው እልልታ ብቻ። አንዱማ ሰንጋው ተገዝቷል ይላል።

ረቡዕ፣ በሰባር ጊዮርጊስ

ዛሬም ዝም። ናቁኝ። የአገሩን ትውልድ በቃሌ የያዝሁትን ሰው!

«አባየ፣ አልደረሳቸው ይሆናል» ትላለች ትርንጎ። ልከሽ የለም ወይ? ልኬያለሁ። ታዲያ ወዴት ገባ፣ ገደል?

ሐሙስ፣ በገብርኤል

ማኅበሩን የሚጠብቀው የእህቴ ልጅ አድማሱ ነው። ደወልንለት። ቃሌ የኢሜይሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተገኘ! ከሎተሪ ደረሰህ ባይና ከመድኃኒት ሻጭ ሌባ ጋር ተጥሎ!

«አጎቴ፣ ዋስ የሌለው አይግባ ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ። ትርንጎ ማንበብ ትችላለች፤ ለመጻፍ ግን አውቃታለሁ የሚል ዋስ አላስመዘገበችም። ማጣሪያው ጣለው።»

ብያለሁ፣ አልክድም አልሁት። ሌባው ሲበዛ ነው ያልሁት። ዘብ አቁም አልሁ እንጅ ቅበር መቼ አልሁ? እንግዳ ሲመጣ ውሻ ይጮሃል፤ ባለቤቱ ወጥቶ ማን ነህ ይላል። ካልፈለገው ሂድ ይለዋል፤ ሰውየውም አውቆት ይሄዳል። የእናንተ ውሻ ሳይጮህ ነው የሚነክሰው! አዲስ ሰው በር ላይ ይቆይ፣ ሰው አይቶ ያስገባው። የተመለሰም መመለሱ ይነገረው። መጣያውን ሳታገላብጥ አታቃጥል።

«ለትርንጎ ዋሷ እኔ ነኝ! አሁኑኑ አስገባው!»

«እሺ አጎቴ፣ አይቆጡ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አርብ

ቃሌ ገባ፤ አድማሱም መጣያ ውስጥ መቆየቱን ጻፈላቸው። እልልታው ቀጥ አለ። የሁለቱ ቤት ሽማግሎች ገሳይ ከተማ ላይ ተገናኝተው ቆጠሩ፤ ቆጠራቸው ከእኔ ጋር ገጠመ። ሠርጉ ቀረ። ተመስገን ብዬ ጋደም አልሁ።

ቅዳሜ፣ በአስተርእዮ ማርያም

ስንዱ ደወለች። እግዜር ይስጥልኝ ልትል መስሎኝ ነበር።

«አባየ፣ ምነው ቃልዎ እዚያው ቆሻሻው ውስጥ በቀረልኝ!»

ማልቀስ እንኳ አላለቀሰች። በደረቁ ነው ያለችው። ዘጋችው።

ስልኩን ለትርንጎ መለስሁላት። ቆጠራዬ ልክ ነው። ልክ ነው።

ትርንጎ፣ ምን ያስቆምሻል? ጻፊ። ስትጨርሺ ከአናቱ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ የስንዱን ቃል እንዳትዘልይው።