አንደኛ ምርጫሽ

ውድ እህቴ፣ አንቺ ሙግተኛ፣

ይህን የምጽፍልሽ መሪው ላይ ወረቀት ደግፌ ነው። ወረፋዬ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ያህል አለኝ። የት እንደምልከው ግን አትጠይቂኝ። አንቺ ካለሽበት የሚደርስ አውቶቡስ ቢኖር እኔው እነዳው ነበር።

"ዳኛው" ትይኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ አይደል? ልጁ ትምህርት የጨረሰለት የሰፈር ሰው ሁሉ እኛ ቤት እየመጣ፣ አንተ አገሩን ትዞራለህና ዩኒቨርሲቲ ካለባቸው ከተሞች የቱ ይሻላል ይለኝ ነበር። እኔም እግሬን አጣምሬ እፈርዳለሁ። ያቺ ባለ ሐይቋ ስሟ ነው የገነነ፣ ከሐይቁ ትንኙ ይበልጣል። ያቺ ባለ ፋብሪካዋ በከንቱ ነው የምትታማው፣ ጭሱን ለቻለ ሰዋ ወርቅ ነው። ያቺ ተራራ ላይ ያለችው ደግሞ ተማሪዋን የምታስመርቀው ጉልበቱን ጨርሳ ነው። ሰው ይስቃል፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። አንቺ ብቻ በሩን ተደግፈሽ፣ "ዳኛው፣ ምስክር ሳትሰማ ነው እንዴ የምትፈርደው?" ትይኝ ነበር።

እውነትሽን ነው፣ ምስክር አልነበረኝም። እኔ የማውቀው መናኸሪያዎቹን ነው። ገብቼ ሰው አራግፋለሁ፣ እዚያው አጠገብ አድራለሁ፣ ጠዋት ጭኜ እወጣለሁ። አቧራማዋ ከተማ ላይ አንድ ቀን ትርፍ ጎማዬን ሰረቁኝ። ጽዱዋ ከተማ ላይ ደግሞ ረስቼው የሄድኩትን ጃኬት ከሳምንት በኋላ ተጣጥፎ አገኘሁት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አቧራማዋ የሌባ አገር፣ ጽዱዋ የጨዋ አገር ሆኑ። ሰው በሰው ጉዳይ የማይገባባት ከተማ እያልኩ ጽዱዋን ለስንቱ አወደስኳት። ከተማን የሚያህል ነገር በጎማና በጃኬት መዘንኩ።

ያንቺ ተራ ሲደርስ ግን እኔን አልጠየቅሽኝም። አንደኛ አቧራማዋን፣ ሁለተኛ ጽዱዋን ጻፍሽ። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የሚያስተምሩት አቧራማዋ ላይ ነው፣ ደግሞም ጫጫታ እወዳለሁ፣ ዝምታ ያፍነኛል አልሽ። አስምሽን አቧራው ይቀሰቅስብሻል ብዬ ተሟገትኩሽ። "የሚቀሰቅስብኝስ አንተ ነህ" ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያ በእርሳስ የሞላሽውን ፎርም ሰጠሽኝ፤ ጽሑፍህ ያምራል፣ በስክሪብቶ አድምቅልኝ፣ ስታልፍም ለትምህርት ቤቱ አድርስልኝ ብለሽ።

እንግዲህ ስሚኝ። መናኸሪያ ገብቼ፣ ይኸው አሁን የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሆኜ፣ ሁለቱን መስመር በላጲስ አጠፋሁና አንደኛውን ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን አንደኛ አድርጌ አደመቅኩት። ስለ አስምሽ ነው ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ለሰፈሩ ሁሉ የሌባ አገር ናት ብዬ የፈረድኩባት ከተማ የገዛ እህቴ ስትሄድ ምን ይሉኛል ብዬ ነው። የሰው አፍ ፈርቼ ነው።

ምደባው ሲወጣ አየሽውና ፊትሽ ጠቆረ። "ምን ይደረግ፣ ዕጣዬ ነው" አልሽኝ። እኔ ከንቱ፣ አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው አልኩሽ። ሻንጣሽንም ተሸክሜ ራሴ አደረስኩሽ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስደውልልሽ ስለ ከተማዋ አንድ ክፉ ቃል ወጥቶሽ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰላምታቸው ቆንጆ ነው፣ ግን ሰላም ካሉህ በኋላ በሩን ይዘጉታል አልሽ። እኔም ጨዋ ስለሆኑ ነው አልኩሽ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት የመመረቂያ ጽሑፍሽን ልትጨርሺ ቀረሽ። ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ ከተማዋ ባዶ ቤት ሆነች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው አሉ አስምሽ የተነሳው። የተገኘሽው ማክሰኞ ነው፤ ያገኘሽም የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ነው። አከራይሽን ሄጄ ጠየቅኳት። እጇን አጣምራ ቆማ፣ በጨዋ ደንብ ነው የመለሰችልኝ።

"ግድግዳው ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ምስማር የምትመታ መስሎኝ ነው። እኔ በሰው ጉዳይ አልገባም።"

ምን ልበላት? እኔ ስሸልልበት የኖርኩትን ነው መልሳ የነገረችኝ። ክፍልሽን ከፍታልኝ ግድግዳውን አየሁት፤ አልጋሽ አጠገብ ቀለሙ በትንሹ ተፍቋል። እጄን እዚያ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። እህት ዓለም፣ ስንት ጊዜ አንኳኳሽ?

ከዚያ በኋላ መስመሬን ወደ አቧራማዋ ቀየሩት። እዚያ ባደርኩበት አንድ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ታምሜ አይደለም፤ እንዲሁ፣ ለምን እንደምነሳ ጠፋኝ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። በሩ ተንኳኳ፣ ዝም አልኩ። ስሜን ጠሩ፣ ዝም አልኩ። ወዲያው በሩ ተገንጥሎ ወደቀና ክፍሉ በሰው ሞላ። ጎማ የሚጠግነው አለ፣ ወያላዎቹ አሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሻይ የምትቀዳልኝ ሴትዮ ከፊት ቆማለች። "ሰው እስከ አራት ሰዓት ይተኛል? ሞተህ ነው ወይስ ንቀኸን?" ብላ ተቆጣችኝ። ሻይ ልጠጣ ሳልመጣ ስቀር ጊዜ ነው አሉ ተጠራርተው የመጡት። ጎማዬን የሰረቀኝም ከመካከላቸው ሊኖር ይችላል። እዚያው አልጋው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እነሱ ያመመኝ መሰላቸው። አንቺ እዚያ ብትሆኚ ኖሮ ግድግዳ ማንኳኳት ባላስፈለገሽ ነበር፤ ገና ሳል ስትጀምሪ በሩን ይገነጥሉት ነበር።

ይህንን ለማንም ሳልናገር ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ታናሻችን፣ እናታችን ማሳረጊያዬ የምትላት፣ ፎርሟን ይዛ መጣች። በእርሳስ ሞልታዋለች። ያንተ ጽሑፍ ያምራል፣ አድምቅልኝ አለችኝ። ያንቺኑ ቃል። አንደኛ ምርጫዋን አየሁ፤ ጽዱዋ ናት። ለምን አልኳት። እሷ የኖረችበትን ክፍል ማየት እፈልጋለሁ፣ በሄደችበት መንገድ መሄድ እፈልጋለሁ አለችኝ።

አልዋሽሽም፣ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ ላጲሱ ነው። አንስቼው ሁሉ ነበር። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

"የእህትሽን ፎርም የለወጥኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "አንደኛ ምርጫዋ አቧራማዋ ነበረች።"

አልጮኸችም። ስክሪብቶውን ከጣቶቼ መሃል አወጣችው።

"እሷ ታውቅ ነበር?"

"አታውቅም። ዕጣዬ ነው እንዳለች ነው የሄደችው።"

ወረቀቱን ይዛ ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠች። በክንዷ ከልላ ራሷ አደመቀችው። የቱን እንዳስቀደመች አላየሁም። ስትጨርስ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ለእናታችን ትንገራት አትንገራት አላውቅም፤ ካልነገረቻት እኔ መናገር አለብኝ፣ ግን ቤት በደረስኩ ቁጥር እናታችን አንተ ልጅ ከሳህ እያለች ምግብ ታቀርብልኛለች፣ በልቼ እወጣለሁ።

ምደባው በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ጽዱዋ ከደረሰቻት፣ ከፈቀደችልኝ እኔ ነኝ የማደርሳት። ከቤት ቤት እዞራለሁ፣ ግድግዳ ሲንኳኳ የሚነሳ ሰው ሳላገኝላት አልመለስም። ካልፈቀደችልኝ ደግሞ ሻንጣዋን ተሸክማ በሌላ ሰው አውቶቡስ ስትሄድ ከሩቅ አያታለሁ።

ሰፈር ውስጥ አሁንም ይጠይቁኛል። የቱ ከተማ ይሻላል ይሉኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ፣ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ተሳፋሪው መጥቷል፣ በሩን እየደበደቡ ነው። ልክፈትላቸው።

ምስክር ሳይሰማ የፈረደብሽ ወንድምሽ