የሞቀው መሬት

ጥር 14

ቦዩን ስጠርግ ዋልኩ። ደለሉ ቦቲዬን ዋጠው፤ እግሬን ስስብ ካልሲዬ እዚያው ቀረ። ባሌ ከዳር ቆሞ ሳቀ። "ሳቅ፣ ሳቅ... አካፋው ግን ያውልህ" አልኩት። መጣ። ሳይጠሩት መምጣትን ግን አያውቅበትም።

ድንቹ ለምልሟል። አምና እዚህ ቦታ ላይ ሸምበቆና እስከ ወገብ የሚያሰጥም ውሃ ብቻ ነበር። ዛሬ ድንች! ጥቁሩን አፈር ጨበጥ አድርጌ አሸተትኩት። ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር።

የስፌት መኪናው አሁንም በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ ቆሟል። ከከተማ ስንመጣ እንደታሰረ። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ለመሬቱ የተመዘገብኩት እኔ፣ ጎትቼ ያመጣሁት እኔ። "አንድ አዝመራ እንሞክር፤ ካልሆነ ወደ እትዬ እንመለሳለን" አለ። እሺ አልኩ። ታላቅ እህቱ ቤት ማለቱ ነው፣ ከጓሮ ያለችው ክፍል። አልጋችን ስለሚገታው በሩ ግማሽ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ስድስት ዓመት በጎኔ ገብቼ በጎኔ ወጣሁ።

አልመለስም።

ጥር 27

አማቴን፣ እማማን፣ ጉልበታቸው ሲጠዘጥዛቸው አደረ። የረግረጉ እርጥበት ነው ይላሉ። "አንቺ እንቁራሪት ነሽ ልጄ፣ እኔ ግን ሰው ነኝ።"

እህቱ ደውላ ነበር። "ክፍሉ ባዶ ነው፣ እናታችንንም አሳዘንካት" አለችው። "እስቲ እናያለን" አላት። ምኑን ነው የሚያየው?

የካቲት 6

ጉድ ነው! ባሌ እኔ ሳልቆምበት ሠራ።

ቦዩን ስንቆፍር ያወጣነው የሸምበቆ ሥር መሬታችን መሀል ተቆልሎ ነበር። ይሄን ክምር አንሳልኝ፣ ጎመን ልተክልበት እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ። ዛሬ ከገበያ ስመለስ ክምሩ የለም። አመድ ብቻ። እሱ ፊቱ ጥላሸት መስሎ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። "ዙሪያውን ጠርጌ፣ ባልዲ አጠገቤ አድርጌ ነው ያቃጠልኩት" አለ። የውሃ ተቆጣጣሪው መሬቱ ሲታደል በተደረገው ስብሰባ ላይ ከእሳት ተጠንቀቁ ብለውን ነበርና። ተጠንቅቋል። አንድ የድንች ቅጠል እንኳን አልጠወለገም።

ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁለት። እንደ ሙሽራ ስንሳሳቅ አመሸን። ምናልባት... ልቡ እየመጣ ይሆን?

የካቲት 15

እማማ የሚቀመጡበት ቦታ አገኙ። ክምሩ ከተቃጠለበት አጠገብ፣ ከድንቹ ዳር። ጠዋት ቁራጭ ምንጣፍ አንጥፈው እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። "ይሄ መሬት ለጉልበቴ መድኃኒት ሆነ" ይላሉ። እውነትም ማነከሱ ቀነሰላቸው።

"ፀሐዩ ነው እማማ" አልኳቸው።

"ፀሐይማ ከላይ ነው ልጄ። እኔን የሚሞቀኝ ከታች ነው።"

ስቄ አለፍኩ። ትንሽ የጭስ ሽታ አለ። አመዱ ይሆናል።

የካቲት 22



ከቦዩ ዳር ሆኜ እማማ ሲጣሩ ሰማሁ። "ነይማ ልጄ፣ ይሄ ድንች ተጠብሷል!" እንደለመዱት የሚቀልዱ መሰለኝ። ሄድኩ። ከተቀመጡበት ሆነው በጣታቸው አፈሩን ጫር ጫር አድርገው አንድ ድንች አውጥተዋል። ልጣጩን ነካ ሲያደርጉት በራሱ ለቀቀ። እንፋሎት ወጣው። መሬት ውስጥ፣ ከነአፈሩ፣ ተጠብሶ...

ዶማ አንስቼ ቆፈርኩ። ጭሱ ፊቴን መታኝ። ከሥር ቀይ ፍም። እማማ ከተቀመጡበት አንድ እርምጃ አይርቅም። ክንዳቸውን ይዤ ጎትቼ አስነሳኋቸው። "ምንጣፌ! ምንጣፌ!" ይላሉ እኮ! ባሌና እኔ ባልዲ በባልዲ አፈሰስን። እዚህ ቸስ ብሎ ይጠፋል፣ እዚያ ደግሞ ይጨሳል።

የውሃ ተቆጣጣሪውን አስጠራኋቸው። የብረት ዘንጋቸውን እየሰኩ፣ እየነቀሉ፣ ጫፉን በእጃቸው ሲነኩ ቆዩ። ከዚያ "ይሄ ጥቁሩ አፈር፣ አፈር አይደለም" አሉ። "ውሃ ውስጥ የኖረ የሸምበቆ ሥር ነው። ስናደርቀው ማገዶ ሆነ።"

"እኔ እኮ ዙሪያውን ጠብቄያለሁ" አለ ባሌ።

ከታች ማን ይጠብቃል? እኛ የምናውቀው መሬት መቼ ነዶ ያውቃል?

"በምን ይጠፋል?" አልኳቸው።

"በባልዲማ አይሆንም። ውሃውን መመለስ ነው።"

ውሃውን መመለስ! ዓመት ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ ያስወጣሁትን ውሃ!

የካቲት 23

እሳቱ ወደ ጎረቤት እየሄደ ነው። ጎረቤታችን ባለ ራዲዮው ነው፤ ራዲዮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚኮተኩት ሰውዬ። ቦያችን አንድ ስለሆነ ውሃው ከተመለሰ የእሱም ሽንኩርት ይሰጥማል። ስንነግረው ራዲዮውን ዘጋው። ሲዘጋው አይቼ አላውቅም።

"እናንተ አቃጥላችሁ እኔ ልስጠም?"

እውነቱን ነው።

ባሌ ቤት ገብቶ የስፌት መኪናው ሥር ተቀመጠ። "በቃ፣ እትዬ ጋ እንሂድ። እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" አለ። አንጀቴን በላው። ደግሞም ደሜ ፈላ። እሳት ለኩሶ፣ የሰው ማሳ እየነደደ፣ ዕቃ ማሰር? "አንተ ሂድ፤ እኔ አካፋ ልሳል" ብዬው ወጣሁ።

ተቆጣጣሪው ቤት ሄድኩ። "ጋሼ፣ የእኛን ብቻ ማስጠም አይቻልም?" በዘንጋቸው መሬቱ ላይ መስመር አሰመሩ። "ድንበሩን ይዛችሁ ጥቁሩ እስኪያልቅ፣ ሸክላው እስኪገኝ ከቆፈራችሁ እሳቱ መሻገሪያ ያጣል። በሸክላው ግድብ ትሠራላችሁ፣ ውሃው ከእናንተ አያልፍም። የእናንተ ድንች ግን አለቀለት።"

"ይለቅ" አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ ሆዴ አላለም።

የካቲት 24

ማታ ተቆጣጣሪው ያሉኝን ለባሌ ነግሬው ነበር። ጎህ ሲቀድ ስወጣ ቀድሞኝ ድንበሩ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠራውም። ጎን ለጎን ቆፈርን። ጥቁሩ እስከ ጭን ይደርሳል፤ ከዚያ ግራጫው ሸክላ፣ አካፋ የማይለቅ።

ረፋዱ ላይ ራዲዮ ሰማሁ። ቀና ስል ባለ ራዲዮው ዶማውን ተሸክሞ በራሱ በኩል ቆሟል። "ጠማማ እየቆፈራችሁ ነው" አለ። ጠማማ አልነበረም። ወርዶ ከእኛ ጋር ሲቆፍር ዋለ። ዜናውንም፣ ዘፈኑንም፣ የሳሙና ማስታወቂያውንም አብረን ሰማን።

እማማ እየዳሁ ያልተቃጠለውን ድንች ነቀሉ። እንቁላል አያክልም። ሊጥሉት መስሎኝ ነበር፤ ባሌ ተቀብሏቸው አልጋ ሥር ደረደረው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ ለመንገድ ስንቅ ነው እንዳይለኝ ፈራሁ።

የካቲት 28

ግድቡ አለቀ። የውሃ መውጫውን በር ዘጋን። ተቆጣጣሪው የመግቢያውን ሳንቃ አሳዩኝ። "መሬቱ ያንቺ ነው፣ አንቺው ክፈቺው።"

ከፈትኩት።

ውሃው መንገዱን አልሳተም። እኔው በጠረግሁለት ቦይ ገባ። የድንቹን ቅጠል እያጋደመ ሄደ። እሳቱ ያለበት ሲደርስ መሬቱ እንደ ድስት ተንተከተከ፣ እንፋሎቱ ቤታችንን ሸፈነው። አለቀስኩ። ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ አላፈርኩም።

ሲመሽ እንቁራሪቶቹ ጀመሩ። እነሱስ ደልቷቸዋል።

መጋቢት 9

ውሃ። አንዴ አስወጥቼዋለሁ። ሁለተኛው ይቀላል... ይቀላል አይደል?

መጋቢት 20

እህቱ ደወለች። ውጭ ልብስ እያሰጣሁ በመስኮቱ ሰማሁ። አንድ አዝመራ ነበር የተባባልነው፣ አዝመራው ደግሞ ውሃ ሥር ነው።

"ክፍሉን ለሰው ስጪው እትዬ" አላት። እሷ ብዙ አወራች። ከዚያ፣ "የተባባልነው አንድ አዝመራ እንሞክር ብለን ነው። ታዲያ አዝመራው መቼ ደረሰ? ገና ነው እኮ" አላት።

ያንኑ ሸሚዝ ደጋግሜ ጨመቅሁት። ደርቆ ነበር።

ሚያዝያ 4

ውሃው ወጥቷል። የመውጫውን በር የከፈተው ባሌ ነው፣ ቦዩንም በየቀኑ እሱ ሲጠርግ ከረመ። ካልሲዬን አገኘው! እንጨት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ።

ተቆጣጣሪው ዛሬ በዘንጋቸው ሲሰኩ አረፈዱ። "የጠፋ ይመስለኛል" አሉ። ይመስለኛል! ይመስለኛል ላይ ድንች ይተከላል? ባሌን አየሁት፣ እሱም አየኝ።

ያኔ እማማ ምንጣፋቸውን ይዘው መጡ። ማንንም ሳያማክሩ የድሮ ቦታቸው ላይ አነጠፉ፣ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ባለ ራዲዮው የራዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። እማማ መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው ጭምድድ አለ።

"ኧረ ይሄ መሬት ምን ነካው? በረዶ ሆኗል እኮ! አንሱኝ! ጉልበቴን ገደላችሁት!"

ባሌ እጄን ጨበጠኝ፣ አጥንቴ እስኪያመኝ። እማማ እየተራገሙ፣ እያነከሱ ቤት ገቡ። እኛ ሳቃችን እንባ በእንባ አደረገን።

ይሄን ስጽፍ አልጋ ሥር የነበረው ድንች ፊት ለፊቴ ተሰጥቷል። ሁሉም አቆጥቁጧል፣ ነገ እንተክለዋለን። የተሰጣበት ፕላስቲክ የስፌት መኪናው መጠቅለያ ነው። መኪናው መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ባሌ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ለእማማ የጉልበት ማሞቂያ እየሰፋ ነው። "አጠበብከው" እያሉ ይቆጡታል። የመኪናውን ድምፅ በዚህ ቤት ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።