የእትዬ “እስቲ እንየው” የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን፣ በወረዳው ሠራተኛ ዘንድ “እስቲ እንየው” በሚል ቅጽል፣ በቤተሰቡ ዘንድ ደግሞ እትዬ በመባል የሚታወቁት፣ ከትምህርት ቤት ዘበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። አወላለዳቸውም እንደ ሰው አልነበረም። እናታቸው የውሃ ቆጣሪ እንዲገባላቸው ለማመልከት ማዘጋጃ ቤት ተሰልፈው ሳለ ምጥ ያዛቸው። ሰልፈኛው ሁሉ “ኧረ ወደ ቤት!” ቢላቸው፣ “ሁለት ሰው ነው የቀረኝ፣ ተራዬን ለማን ልተው?” ብለው እንቢ አሉ። ማመልከቻቸውን አስገብተው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ቤት እንደደረሱ ተገላገሉ። አባታችን ይህን ለእኔ ለታናሹ ልጃቸው ሲያነሡልኝ “ይቺ ልጅ ቢሮ የለመደችው ከማኅፀን ነው” ይሉ ነበር።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አባታቸው በሚጠብቁት ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ሦስተኛ ክፍል ሳሉ የክፍላቸውን ተማሪና ወንበር አንድ በአንድ ቆጥረው፣ መሬት የሚቀመጡትን ዘርዝረው፣ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፉ። ዳይሬክተሩ አባታቸውን አስጠርተው “ልጅህ ከሰሰችኝ” አሏቸው። አባት በድንጋጤ ቆባቸውን አውልቀው ይቅርታ ሲለምኑ፣ ዳይሬክተሩ ግን ደብዳቤውን ደግመው አነበቡትና ወንበሮቹን አስመጡ። አንድ ወንበር ጎደለ። ለካስ እትዬ ራሳቸውን መቁጠር ረስተው ኖሯል! ያን ዓመት መሬት ተቀምጠው አንደኛ ወጡ።

ሁለተኛ ደረጃን አጠናቅቀው፣ ከኮሌጅ በፕላን ሙያ ተመርቀው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በወረዳው ፕላንና በጀት ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ። የመጀመሪያው አለቃቸው ያለፈውን ዓመት ዕቅድ አንሥተው ሰጧቸውና “ዓመቱን ቀይረሽ፣ በንጹሕ ገልብጠሽ አምጪልኝ” አሏቸው። እሳቸው ግን መገልበጡን ትተው ማንበብ ጀመሩ።

“ጌታዬ፣ ይህ በየዓመቱ የሚታደሰው ድልድይ የት ነው ያለው?”

“በዕቅዱ ውስጥ ነዋ!”

“እስቲ እንየው” ብለው ተነሡ። ቅጽሉ የወጣላቸው ያን ዕለት ነው። መኪና የሚሰጣቸው ስላልነበረ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ከቦታው ቢደርሱ፣ ድልድይ የለም። ወንዝም የለም። ሜዳ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ የደንብ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

“አባቴ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?”

“ጥበቃ ነኝ።”

“ምንድን ነው የሚጠብቁት?”

“ድልድዩን” አሉ ሽማግሌው። “ይኸው ስድስት ዓመት ጠበቅኩት፤ እስካሁን አልመጣም።”

እትዬ ሣር ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲመለሱ ግን አልሳቁም። ያዩትን እንዳዩት ጽፈው አቀረቡ። ሽማግሌው ጥበቃ ወደሌለው ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ እትዬም በቅጣት ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት። እዚያም ሁለት ዓመት ከአቧራና ከአይጥ ጋር ሲታገሉ፣ ያረጁ ዕቅዶችን አንድ ሳይቀር አነበቡ። አዲስ ኃላፊ መጥተው “የትኛው መንደር ምን እንደተሠራለት የሚያውቅ ሰው አለ?” ሲሉ፣ ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ ጣቱን ወደ ምድር ቤቱ ቀሰረ።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው አንድ መንገድ ለማየት ወጥተው መንገድ የሚደለድሉትን የግሬደር ኦፕሬተር ከማሽናቸው ጥላ ሥር ተኝተው አገኟቸው። ቀስቅሰው ገሠጿቸው፤ ለካስ ነዳጅ አልቆባቸው ኖሯል፤ በማግሥቱ እትዬ ነዳጁን በጭነት መኪና ይዘው ራሳቸው ተመለሱ። ኦፕሬተሩ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ነዳጅ አለቀብኝ ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ የጋብቻ ጥያቄያቸውን ባለ አንድ ገጽ ማመልከቻ አድርገው ቢሮ ድረስ አመጡ። እትዬ ቀይ እስክሪብቶ አንሥተው ከግርጌው “በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አለው፤ ዝርዝሩ ይቅረብ” ብለው ፈረሙበት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ሳሎናቸው ተሰቅሏል። ከዚህ ጋብቻ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ አብሯቸው መኖር ቀላል አልነበረም። የቤቱ የዓመት ዕቅድ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ባለቤታቸው ራዲዮ እንዲገዛ ያቀረቡት ሐሳብ አራት ጊዜ ለቀጣይ ዓመት ተላለፈባቸው። ምርር ሲላቸው ገዝተው በግሬደሩ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ደበቁት። እትዬ ያውቃሉ፤ ባትሪውን የሚቀይሩትም እሳቸው ነበሩ።

ትልቁ ፈተና የመጣባቸው በአርባ ስድስት ዓመታቸው፣ የዕቅድና በጀት ቡድን መሪ ሆነው ሳለ ነው። የጊዜው አስተዳዳሪ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ውሃ የሚረጭ ፏፏቴ ለማሠራት ቆርጠው ተነሡ፤ ምክር ቤቱ ሳይመክርበት ጉድጓዱን አስቆፈሩ። የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ቧንቧ ደግሞ ከደረቀ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ያለው በጀት ለአንዱ ብቻ ነው።

“እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው በራችንን ነው” አሉ አስተዳዳሪው።

“ጌታዬ፣ እዚህ ወረዳ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው በማዋለጃ ክፍሉ በኩል ነው” አሉ እትዬ።

አስተዳዳሪው ፊታቸው ተለዋወጠ። ፏፏቴው ካልጸደቀ ሩቅ ወዳለ የገጠር ቀበሌ እንደሚያዛውሯቸው በግልጽ ነገሯቸው። ልጆቻቸው ገና ተማሪዎች፣ እናታችንም የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። እትዬ ያን ሰሞን እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል።

የምክር ቤቱን የስብሰባ ጥሪ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ቦታው በሚለው መስመር ላይ “ጤና ጣቢያ፣ የማዋለጃ ክፍል መጠባበቂያ” ብለው ጻፉ። አባላቱ የተሳሳተ መስሏቸው እየተጠያየቁ መጡ። አስተዳዳሪውም ተቆጥተው፣ ግን ከሁሉም በኋላ፣ ደረሱ። ስብሰባው ከግድግዳው ወዲያ በሚሰማው የምጥ ድምፅ እየተቋረጠ ቀጠለ። የምሳ ሰዓት ደርሶ እጅ መታጠቢያ ሲጠይቁ አዋላጇ ብቅ አሉና ለእያንዳንዳቸው ባዶ ጄሪካን አደሏቸው።

“ወረፋው ቦኖው ጋ ነው። ስትመለሱ ለወላዷም ታተርፋላችሁ።”

ምክር ቤቱ ተሰለፈ። አስተዳዳሪው በሙሉ ልብሳቸው ጄሪካን ተሸክመው አስፋልቱን ሲያቋርጡ፣ ያያቸው ሕዝብ ለእርዳታ የወጡ መስሎት አጨበጨበላቸው። እሳቸውም ምን ያድርጉ፣ በነፃ እጃቸው ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ይመለሱ! የቧንቧው ሥራ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ሐሳቡ ከመነሻው የእሳቸው እንደነበረ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር አስተዳዳሪው ጠየቁ። እትዬም እንደተጠየቁት ጻፉት። ዝውውሩ ቀረ። የፏፏቴው ጉድጓድ አሁን የችግኝ ማፍያ ነው።

በስልሳ ዓመታቸው በጡረታ ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን የመንገድ መብራት በየዕለቱ እየዞሩ ይቆጥሩ ነበር፤ የጠፋ ካዩ ጽሕፈት ቤቱ ይደወልለታል። ስልኩን የሚያነሣው ወጣት ድምፃቸውን ሲሰማ ብድግ ብሎ ይቆም እንደነበር ራሱ አጫውቶናል።

ላለፉት ስምንት ወራት በልብ ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተዋል። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ባለቤታቸው፣ በአርባ ሦስት ዓመት ትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማበጠሪያ ይዘው ፀጉራቸውን አበጠሩላቸው። መሐል የከፈሉት የፀጉሩ መስመር ጠማማ ሆነ። ነርሷ አይታ “ላስተካክልልዎት?” ብትላቸው፣ “ተዪው፣ ጥሩ ነው” አሉ እትዬ። የስንቱን ሰው ሥራ ሲያስደግሙ የኖሩት እኅታችን፣ ያቺን ጠማማ መስመር እጃቸውን ሰደው ዳሰስ አደረጓት፣ ፈገግ አሉ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆንም ዐረፉ።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ መምህርት ልጃቸውን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ፀሐይ ላይ ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ለሰው ጉዳይ ሲመላለሱ የኖሩ እግሮቻቸውን ፈጣሪ ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።