የጋሽ ሰይድ አሳንሰር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት።

ዛሬም ተሸነፍኩ። አባባን በደረጃው ላስወጣ እጁን ይዤ ሳለሁ ጋሽ ሰይድ ደረሱብን። የፎቁ ባለቤት ናቸው፤ ከጅዳ ተመልሰው ሐይቅ ከተማ ላይ ያቆሙት። ተከራይም ደንበኛም ሲመጣ የአሳንሰሩን በር በእጃቸው ይዘው፣ በሞቴ ግቡ ይላሉ። አባባ ገባ። እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ እየተቃጠልኩ።

የስፌት ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባባ በየቀኑ እየመጣ ቁልፍ ይሰፋልኛል። ስኳሩ አልወርድ ብሏል። ደሴ ያለው ዶክተር አባባ ካልተንቀሳቀሰ እግሩን እንደሚያጣ ቁርጡን ነግሮናል። መድኃኒቱ ደረጃ እደጃችን ተዘርግቶ እኛ በአሳንሰር እንንፈላሰሳለን!

ማክሰኞ።

በደረጃ እንውጣ ብዬ አባባን ለመንኩት። የሰው ግብዣ አይገፋም አለ፤ ሰይድ ምን ይለኛል? ይሉኝታ ሊገድለን ነው፣ ማስታወሻዬ። መብራት እንዲጠፋ ዱዓ አደረግሁ። ቦግ እንዳለ ዋለ። ሌላ ጊዜ ልብስ መተኮስ ስጀምር አልነበር ድርግም የሚለው?

ሐሙስ፣ ከሰዓት።

ጋሽ ሰይድ ጋ ወረድኩ። በደረጃ። አባቴን አይጋብዙብኝ አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ጅዳ ሳሉ የጋዝ ሲሊንደር በጀርባቸው ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ኖረዋል። የዚያ አገር አሳንሰር ለነዋሪዎች ብቻ ነበር። ወላሂ፣ እኔ ቤት የገባ ሰው ደረጃ አይወጣም ብዬ ነው የሠራሁት አሉኝ። አንጀቴን በሉት። የአባባ እግርስ? እሱ ይበልጥብኛል። ዶክተሩ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ትቻቸው ወጣሁ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ።

ማመን አቃተኝ! ጠዋት ጋሽ ሰይድ አሳንሰሩን ትተው ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁን። ዛሬ እኔ እሸኝዎታለሁ አሉት አባባን። የአባባን ዘንቢል ተቀብለው ለብቻው በአሳንሰር ላኩት፤ ግብዣው እንዳይቀር መሆኑ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለከለኩት አባባ አይደለም፣ እሳቸው ናቸው። ላባቸው ጠብ ጠብ። አባባ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ አብሽር ሰይዶ፣ አላቸው።

ጋሽ ሰይድ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሸክም ሳልይዝ ደረጃ ስወጣ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ።

ቆርጫለሁ። ነገ ጠዋት ደረጃው ሥር ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ። ጋባዧም እኔ ነኝ፤ እንግዶቼም ሁለት ናቸው።