ለጭብጨባ አስነሱኝ፣ እኔ ግን መረቅኋት

ጥሩዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፤

ከተለየሽኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ሁለቱንም ጾሙን እንደ ደንቡ ጾሜ፣ ያለ አንቺ ፈታሁ። ዶሮውን ጽጌ ሠራችው። እንዳንቺ አይደለም፣ ግን በላሁ። ይሄንን የምትጽፍልኝም እሷው ልጅሽ ናት። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ፤ እናትሽ የኔን አነጋገር ታውቃለች፣ እንዳልኩት ይጻፍ ብያታለሁ። አሁን ትስቃለች። ትሳቅ፣ ብቻ ትጻፍ።

የምሥራች ይዣለሁ! አንቺም እዚያው ሆነሽ ምስር ብላ በይኝ። ማርታችን፣ የጽጌና የሉዊስ ልጅ፣ ያቺ በነጠላሽ አዝለሽ ሰፈራችንን ሌክ ሃይላንድስን ያዞርሻት፣ ተሸለመች። በፈተናዋና በማርኳ ከስንት ልጅ መሃል ተመርጣ፣ አገር አቀፍ እውቅና ተሰጣት።

እውቅናው ለሂስፓኒክ ተማሪዎች ነው። በአባቷ ወገን፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ከሆኑት ተቆጥራ ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማ ደሜ ፈላ። አዝለን ያሳደግናት እኛ፣ ሸላሚዎቹ የሚቆጥሯት ከነሱ? አልኩ። ሉዊስ በዚያች ስብርባሪ አማርኛው፣ "አባባ፣ ግማሹ ሽልማት የእርስዎ ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አላውቅም" ብሎ አሳቀኝ። እኔም አሰብኩት። አንድ ልጅ ሁለት አገር ሲኮራባት ምን ይጎዳል? ዶኛ ሮሳ፣ የሉዊስ እናት፣ ያን ቀን ከምትኖርበት ከተማ ከሜስኪት ድረስ አንድ ድስት ታማሌ፣ ያን በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግባቸውን፣ ተሸክማ መጣች። እኔና እሷ እንደምታውቂው አንድ ቋንቋ የለንም። አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ በላን። አንቺ ብትኖሪ፣ እንደ ድሮው የሷን በርበሬ ቀምሰሽ ፊትሽን ታጨማድጂ፣ እሷም ያንቺን ቀምሳ ውሃ ውሃ ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰለሽ? ኮሌጆች፣ ልክ ለጋብቻ ሽማግሌ እንደሚልክ ቤተሰብ፣ ደጅ ጠኑብን! እውቅናውን አይተው ነው። ዛሬ አንዱ ይደውላል፣ ነገ ሌላው። አንድ ትልቅ ኮሌጅ፣ ወደ ሰሜን፣ በረዶ አገር ያለ፣ የአውሮፕላኗን ችሎ ጠርቶ ግቢውን አሳያት። ቀጥሎ ተቀበላት፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ መኝታው ሳይቀር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ዲኤፍደብሊው አየር ማረፊያ ላይ ያን ሁሉ ዓመት ዊልቼር ስገፋ የማውቀው አምስት ፊደል ነበር፣ ከኤ እስከ ኢ፣ የተርሚናሎቹን ስም። በነዚያው አምስት ፊደል ቤት አስተዳደርኩ። አንቺ መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ማንበብ ስትለምጂ፣ ለአንድ ቤት አንድ አንባቢ ይበቃል እልሽ ነበር። ማርታ ትንሽ ሆና የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ስታነብልሽ ትዝ ይልሻል? አንዲት ቃል ሳይገባሽ፣ ሽንኩርትሽን እየከተፍሽ፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ትያት ነበር። ልጅቷም የምትሰሚ መስሏት ሌላ ገጽ ትገልጣለች። ያቺ "ከዚያስ" ናት እዚህ ያደረሰቻት። ይሄን ለማንም እናገራለሁ።

ታዲያ ነገሩ ሊበላሽ ነበር። ትምህርት ቤቷ ለተሸለሙት ልጆች ካዘጋጀው ዝግጅት በፊት በነበረው ቀን ጽጌ ከሆስፒታል ሥራዋ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ምንድን ነው ብላት፣ ማርታ አልሄድም ማለቷን ነገረችኝ። እዚሁ ሰፈር ካለው ኮሌጅ እገባለሁ ብላለች። ለምን? "እኔ ከሄድኩ አባባን ማን ይነዳል?" ብላ! መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ለጉልበቴ ወደ ክሊኒክ፣ እሁድ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደኝ እሷ ናት፤ እናትና አባቷ ሥራ ላይ ናቸው። ጥሩዬ፣ በሰባው ዓመቴ ሬሳ ሆኜ የልጅ እግር ላይ የወደቅኩ መሰለኝ። መኪና ውስጥ ልመክራት ሞከርኩ። አንቱታ አታውቅም፣ አንተ ነው የምትለኝ፤ "አባባ፣ አንተ አትጨነቅ፣ ኦኬ? ዲሳይድ አድርጌያለሁ" ብላ ዘፈኑን ከፍ አደረገችው። ግትርነቷ የማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

በነጋታው ማታ ዶኛ ሮሳንም ይዘን ትምህርት ቤቷ አዳራሽ ሄድን። ያን ግራጫ ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ እናቶቹ፣ አክስቶቹ፣ ባርኔጣ ያደረጉ አያቶች፣ የሚያለቅስ ሕፃን፤ ሰርግ ቤት በይው። የተሸለሙት ልጆች መድረክ ላይ ተደርድረዋል፣ ማርታም መሃላቸው። አስተማሪዋ በማይክሮፎን አንድ ነገር ተናገረች። ጽጌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አባባ፣ አያቶች ይቁሙ እያሉ ነው" አለችኝ።

እኔ ምን ላስብ? ሽማግሌ በጉባኤ መሃል ተነሥ ሲባል ለምን ይነሣል? ሊመርቅ ነዋ! ተነሣሁ። ሌሎቹም አያቶች ተነሡ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ተቀመጡ። እኔ አልተቀመጥኩም። እጄን ዘረጋሁና፣ አየር ማረፊያ ላይ ሰው ገለል በሉ በምልበት ድምፄ ጀመርኩ።

"የሄድሽበት ይቅናሽ!"

የሚያለቅሰው ሕፃን ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ጽጌ የኮቴን ጫፍ ትጎትታለች። ሉዊስ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔ ደግሞ ምርቃት ጀምሮ ማቋረጥ የት አለ? ያን ጊዜ ከጎኔ ዶኛ ሮሳ እንደገና ብድግ አለች። ቃሉ አልገባትም፤ የተዘረጋ እጅ ግን ገብቷታል። "አሜን!" አለች።

"እግርሽን እንቅፋት አይንካው!"

"አሜን!" አሁን ከኋላ ያሉት አክስቶችም አብረዋት አሉ።

እኔም አየሁ፣ ጥሩዬ። መድረኩ ላይ ማርታ ቆማለች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ቃሌን በቅጡ የሚሰሙት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። በመኪና እምቢ ያለችኝን እዚህ ልታመልጠኝ አትችልም አልኩ በልቤ።

"ራቂ! ተማሪ! የኔ ጉልበት አያስርሽ! በረዶው ይሙቅሽ፣ በሄድሽበት ሰው አይጥፋሽ! ወጥተሽ ግቢ!"

አዳራሹ በሙሉ፣ ባርኔጣ አውልቆ፣ "አሜን!" አለ። አስተማሪዋም በማይክሮፎኑ "አሜን" አለች። ማርታ ፊቷን በወረቀቷ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅም ልቅሶም ነበር።

ኋላ ጽጌ ስታስረዳኝ፣ አያቶችን ያስነሱት ለጭብጨባ ብቻ ነበር። ለጭብጨባ ብቻ ሽማግሌ ማስነሣት ምን የሚሉት ወግ ነው? አላፍርም። ሰዎቹ በር ላይ ቆመው እጄን ሳሙኝ። አንዱ ባለባርኔጣ አያት የራሱን የልጅ ልጅ እጇን ይዞ አመጣና ጎንበስ አደረጋት። እሷንም መረቅኳት።

መኪና ውስጥ ማርታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። "አባባ፣ አጭበርብረሃል! ሰው ሁሉ አሜን ብሎ አሁን እኔ እንዴት ኖ እላለሁ?" አለች። አትችይማ፣ አልኳት። "ክሊኒክስ?" አለች። ጽጌ ተርጉማ ስትነግራት ዶኛ ሮሳ ደረቷን መታች፤ እኔ እነዳዋለሁ ማለቷ ነው። አሁን በየሳምንቱ በዚያ አሮጌ ፒክአፕ መጥታ ትወስደኛለች። አነዳዷን አትጠይቂኝ። ሃይዌይ ላይ ስትወጣ ጸሎት የማውቀውን ሁሉ እጨርሳለሁ። ማርታ ግን በዚያው ማታ ለኮሌጁ እሺ ብላ መለሰች፤ ጽጌ ጩኸቷን ሰምታ ከመታጠቢያ ቤት በሳሙና ወጣች።

ነሐሴ ላይ ትበራለች። እስከ አውሮፕላኑ በር ልሸኛት ፈቃድ ጠይቀውልኛል። ዊልቼር ላይ እናስቀምጥህ ቢሉ አልቀመጥም! የሰው ልጅ ስሸኝ ኖሬ የራሴን በእግሬ ነው የምሸኛት። የትኛው ፊደል ላይ እንደምትሳፈርም አትንገሩኝ ብያቸዋለሁ፣ አነበዋለሁ።

ሆስፒታል ተኝተሽ "ማርታን አደራ" ያልሽኝን አልበላሁም። በአዳራሹ ያልኩት የራሴን ምርቃት ነው። ያንቺን፣ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን እያስያዝሽ "ከፊትሽ ብርሃን፣ ከኋላሽ ሰው" ትያት የነበረውን፣ ለአውሮፕላኑ በር አስቀምጬዋለሁ። ከእንግዲህ እስክሞት ድረስ ስምሽን ሳልጠራ ማንንም አልመርቅም፣ እሷንም በስምሽ እመርቃታለሁ። ሮሳ ከጎኔ ትቆማለች፣ አሜን ልትል አፏን ትከፍታለች፤ ቆይ እላታለሁ በእጄ። ይሄኛው አሜን ያንቺ ነው።

ባልሽ ታደሰ