ነውሩ የተነገረለት ገንዳ

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለምሥጋናው፣

እንዴት ሰነበትህ? የበርገን ዝናብና ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይይዝሃል? ትበላለህ ወይ? ባለፈው በስልክ ሳይህ ጉንጭህ ጎድሎ አየሁት፤ የመብራቱ ነው ብለህ ልታታልለኝ ሞከርክ እንጂ እኔ አልተታለልኩም። ያዘልኩትን ልጅ ፊት አውቀዋለሁ። የላሊበላ አምላክ ካለህበት ይጠብቅህ፤ እጅህን ከክፉ ብረት፣ እግርህን ከክፉ መንገድ ያርቅልኝ።

እኛ አለን። እማዬ በእግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ገብሱም ዘንድሮ ዝናብ ሳያበላሸው ገባ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱን በቦታው ታገኘዋለህ። አንድ ነገር ልለምንህ። አንተ ደብዳቤ ከመጨረሻው ጀምሮ የማንበብ አመል አለብህ። ይህን ግን ከላይ ወደ ታች፣ ሳትዘል አንብብልኝ። እትዬ ብለህ የምትጠራኝ ከልብህ ከሆነ እሺ በለኝ።

ግዢልኝ ካልከኝ ጃኩዚ ልጀምር። እዚያ ሰው በረዶ እየወረደበት ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ተራራ ያያል፣ የእኛ ተራራ ከዚህ ይበልጣል፣ ብርዱም አለ፣ የጎደለው ገንዳው ብቻ ነው ብለህ ስትነግረኝ ባለቤቴ ሰውነት ሳቀብህ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ፈረንጅ ልንዘፈዝፍ ነው ወይ አለ። ኋላ ግን እውነትህን ነው አለኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ይህች የእንግዳ ማረፊያችን እንደ ታመመ ሰው ናት፤ አልጋዎቹን እያነጠፍኩ መልሼ የማነሣበት ቀን ይበዛል። አስጎብኚዎቹም እንግዳ የሚያመጡት የተለየ ነገር ወዳለበት ቤት ነው። ስለዚህ እሺ አልን።

እኔን ያሳሰበኝ ውሃው አልነበረም። ያሳሰበኝ ቢተው ነው። ታናሻችን ደሴ ሆቴል ተቀጥሮ ይጠብቅ የነበረው እንዲህ ያለውን ገንዳ መሆኑን አንተ አልረሳኸውም፤ ላለመናገር ብለህ ነው እንጂ። ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልኩ ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ ሞቷል የሚል ሰው የለም፣ አለ የሚልም የለም። ሰውነት ሁለት ጊዜ ወርዶ ሲፈልገው ሆቴሉ ተዘርፎና ተዘግቶ፣ ሠራተኛው ተበትኖ አገኘው። አንተ ስሙን መጥራት ተውክ። እኔም ተውኩ። ገንዳ ባልክ ቁጥር ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይታየኝ ነበር።

እማዬ ደግሞ በሕልሟ ታየው ነበር። ይህን አልነገርንህም። አቧራ እንደ ለበሰ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ግባ ሲሉት አይገባም። እማዬ ውሃ ይላታል። ሊጠጣ አይደለም፣ ሊታጠብ ነው፤ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እስክታፈስለት ይጠብቃል። እሷ ማሰሮ ለማንሣት ዞር ስትል ትነቃለች። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ነአኩቶ ለአብ ትሄዳለች፤ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ጠበል ሥር ቁጭ ትላለች። ተዝካር ያላትን ሰው ትቆጣለች። ልጄ አልሞተም አትልም፣ ሞተም አትልም። ልጄ የሆነ ቦታ ሳይታጠብ ነው ያለው ትላለች። ይህን ስትል ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ እንግዳ የገባ ይመስል ወደ በሩ እናያለን።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ገንዳ ፍለጋ የወጣሁት። አንተ በደንብ አስጠንቅቀኸኛል፤ ዕቃውን ሳይሆን መጀመሪያ ነጋዴውን ምረጪ ብለህ። እኔ ለዚህ አስተማሪ አያስፈልገኝም። አባባ ፍላቂት ገበያ የገዛትን ዳማ በቅሎ ታስታውስ የለ? ሻጩ እንደ በግ የዋህ ናት ብሎ ምሎ ሸጣት፤ በሳምንቱ የቢተውን የቀለበት ጣት ጫፍ ቆርጣ ዋጠችው። ከዚያ ወዲያ አባባ በሬም ይሁን ማረሻ ሲገዛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ነውሩን ንገረኝ ይላል። ነውር የለበትም ካለው ጥሎ ይሄዳል። እኔም በዚሁ ደንብ ሄድኩ።

የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ነጋዴ ነበር፤ በስልክ ብቻ ነው የማውቀው። ምላሱ ቅቤ ነው። መብራቱ የሚቀያየር፣ አረፋ የሚረጭ ገንዳ በቪዲዮ ላከልኝ። ነውሩን ንገረኝ ስለው እናቴ ይኼ እኮ ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ ምን ነውር አለው አለኝ። መብራት ሲዋዥቅ ማሞቂያው ቢቃጠል መለዋወጫ አለ ወይ ስለው ሌላ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ዘጋው። ሁለተኛውን ደሴ ድረስ ወርጄ አየሁት። ገንዳው አዲስ ይመስላል፤ በጥፍሬ ብፍቀው ቀለሙ ተላጠና ከሥሩ ስንጥቅ ወጣ። ሞተሩም የሌላ ዕቃ ሞተር ነው፤ ብሎኑ እንኳ አልገጠመም። ሰውየው እኔን ሴት ናት ብሎ ንቆ ስልኩን ይነካካል። ሰላም ሳልለው ወጣሁ።

ሦስተኛው ወልድያ ነው፣ ሂሻም ይባላል። የተዘጉ ሆቴሎችን ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ፣ ረጋ ያለ፣ ጢሙ ሽበት የጣለበት ሰው ነው። በኩልመስክ በኩል በሚኒባስ ሄድኩና ረፋዱ ላይ መጋዘኑ ደረስኩ። ገንዳው ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኗል። ሸራውን ሲገልጠው ገና ሳየው ወደድኩት። ወፍራም ነው፣ መቀመጫው ሰው የሚይዝ፣ ስንጥቅ የለው፣ ማጣሪያውም ክዳኑም የራሱ። አንተ ገብተሽ ካልተቀመጥሽበት እንዳትገዢ ብለኸኝ የለ? ጫማዬን አወለቅኩና ገባሁ። ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ደረቅ ገንዳ ነው፣ ግን ቅዝቃዜው ልብሴን አልፎ ገባ። እዚያው ተንፈላስሼ በል እንግዲህ ነውሩን ንገረኝ አልኩት፣ እየቀለድኩ።

ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። እባክሽ እኅቴ መጀመሪያ ውረጂልኝ አለኝ። አልወረድኩም፤ ዋጋ ሊያስወድድ መስሎኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ የምናገረው ነው፣ ላንቺም ሳልናገር አልሸጥም አለና አንገቱን ደፋ። ይህ ገንዳ ሬሳ ታጥቦበታል አለኝ።

ምሥጋናው፣ ከዚያ እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት መሬት ላይ ባዶ እግሬን ቆሜ ነው። ሂሻም ውሃ ሰጠኝና ታሪኩን አንድ በአንድ ነገረኝ። ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ይህ ገንዳ በነበረበት ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ሁሉም ሸሽቶ እሱና አንድ ዘበኛ፣ ከእነሱም ጋር ገንዳውን የሚጠብቀው ወጣት ቀሩ። የከተማው ውሃ ተቋርጦ ነበር። ልጁ ጦርነቱ ሳይደርስ አስቀድሞ ገንዳውን አጥቦ፣ መድኃኒት ሳይጨምር ንጹሕ ውሃ ሞልቶ ከድኖት ስለነበር እነሱም ጎረቤቱም የሚጠጡት ከዚያ ነበር። በጆግ እየቀዳ ለየቤቱ የሚያድለውም እሱው ነው። አንድ ቀን ውሃ አድርሶ ሲመለስ በር ላይ ፍንጣሪ መታው። ብዙም አልቆየም።

ስሙን ጠየቅኩት። ሁላችንም ላስቴው ነበር የምንለው፣ ገና መምጣቱ ስለነበር የአባቱን ስም የሚያውቅ አልነበረም፣ ስልኩም አብሮት ደቀቀ አለኝ። ከዚያ ራሱ ቀኝ እጁን አነሣና የቀለበት ጣቱን ጫፍ አጥፎ አሳየኝ። እንዲህ ነበር፣ በቅሎ ነከሰችኝ ብሎ ያስቀን ነበር አለኝ።

ወንድሜ፣ ቢተው ሞቷል። ከላይ ወደ ታች አንብብ ያልኩህ ለዚህ ነው። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ሂሻም እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ እሱን ሳባብል ዋልኩ። ቤተሰቡን በየት በኩል እንደሚያገኝ ጨንቆት ኖሯል። ሆቴሉ ሲፈርስ ገንዳውን ለደመወዙ ሰጡት፤ ከዚያ ወዲህ ገዢ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይናገራል፣ ገዢው አማትቦ ወይም አዑዙ ብሎ ይሄዳል። ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር አልኩት። አላህ አለኝ።

ተመልሼ ለንስሐ አባታችን ነገርኩ፤ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መርዶውን ሊነግሩ ሕዝብ አስከትለው ማለዳ ደጃችን ሲቆሙ እማዬ ከመኝታዋ ተነሥታ በሩ ላይ አየቻቸው። አልጮኸችም። እንዴት ሞተ አላለችም፣ መቼ አላለችም። ማን አጠበው ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ የመለስኩላት። ያን ጊዜ ነው መሬት ላይ የተቀመጠችውና ያለቀሰችው፤ ለቅሶዋን ብትሰማው አራት ዓመት ሙሉ የት አስቀምጣው እንደ ኖረች ትገረም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሂሻም ራሱ መጣ። እማዬ አጠገቧ አስቀመጠችውና ሁሉንም ንገረኝ አለችው። ውሃው ከጉልበት በታች ቀርቶ ነበር፣ እዚያው ውስጥ አስተኛነው አላት። የእናንተን ደንብ አላወቅንም፣ ካህንም አላገኘንም፣ በምናውቀው አጠብነው፣ ከቀኝ ጀምረን፣ እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን። በሆቴሉ አዲስ አንሶላ ጠቀለልነውና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቀበርነው፤ ድንጋዩን አሳያችኋለሁ አላት። ተቆጥታ እንዳትነሣ ፈርቼ ነበር። እማዬ ሁለት እጆቹን ይዛ መዳፉን ሳመችው። እነዚህ ናቸው ልጄን መጨረሻ የነኩት አለችን፤ እስኪጨንቀው ድረስ አልለቀቀችውም። ፍታቱ ተደርጓል፣ ተዝካሩንም ለገንዳው መግዣ በላክኸው ገንዘብ አወጣን። ትቆጣለህ ብዬ አልሰጋሁም።

ገንዳው አሁንም ወልድያ ሸራ ለብሶ አለ። ሂሻም በነጻ ውሰዱት አለ። እማዬ ወደ ግቢያችን ይምጣ ትላለች፤ ሰው እንዳይገባበት፣ ብቻ እንድታየው። እኔ እፈራለሁ። እዚያ ውስጥ የተቀመጥኩት፣ ጀርባዬን ጀርባው ባረፈበት ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ገላዬን ስታጠብ ከኋላዬ ሰው ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ይመስለኛል፤ ዞር ብዬ ሳላይ ውሃ አላፈስም። እሷ ደግሞ ከመርዶው ወዲህ ሕልሙ ቀርቶባታል። ታጥቧልና ለምን ይመጣል ስላት እሱስ ይሁን፣ ሳይታጠብም ቢሆን ይመጣልኝ ነበር እኮ አለችኝ። አንተ የመሰለህን ጻፍልን፤ እስከዚያ ለእንግዶቹ ጃኩዚ የሚባል ነገር እንዳታነሣብኝ።

አሁን ቀና በልና ፈንታውን እየው። ደብዳቤውን ከሰጠህ በኋላ ለምን ተነሥቶ እንዳልሄደ ሳይገርምህ አልቀረም። ለገና ሊሳለም መጥቶ አንድ ከተማ አብራችሁ እንደምትኖሩ እማዬ ስትሰማ ቤት አስጠራችው። በስልክ እንንገረው ያልኳት እኔ ነበርኩ፤ በስልክ መርዶ የለም ብላ ከለከለችኝ። ስትደውል ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ያልኩህም ድምፅዋን እንዳትሰማው ነው። ፈንታውን እጁን ይዛ አስማለችው። ያኛው ልጄ ሲሞት ከወገን አጠገቡ ሰው አልነበረም፣ ይህኛው ሲያለቅስ ግን ሰው ይኑረው፣ አንብቦ እስኪጨርስ እንዳትነሣ፣ ሲጨርስም እንዳትነሣ አለችው።

እማዬ ዓይንህን፣ ግንባርህን ትስማለች። ሰውነት አይዞህ ይልሃል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ብታየው አታውቀውም። ልጄ እየሩስ አጎቴን እቀፉልኝ ብላለች። መምሬ ወልደ ሩፋኤል በጸሎት እያሰቡህ ነው። ሂሻምም እግዜር ያጽናህ በሉልኝ ብሏል።

በል አልቅስ ወንድሜ። ሰው አለልህ።

እኅትህ ሰብሌ
ላሊበላ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.