የጥድ በር

አዳማ፣ ጥቅምት ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ለባለቤቴ፤

እንደምን ሰነበትህ? የባሕር ማዶው ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሳሉስ ተወህ ወይ? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ልጅህ መሪማ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲስ አብቅላለች። እኔም ደክሞኛል እንጂ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤህ በባቡር ደረሰኝ። ባለሱቁ አብዱናሲር አነበበልኝ፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው። ግሪኩ ጌታህ፣ የጥንት አያቶቹ ባሕር ተሻግረው፣ በሰው አገር ምሽግ ሠርተው፣ ከምሽጉ በታች እያረሱ የኖሩባቸውን ቤቶች እያስቆፈረህ እንደሆነ ሰማሁ። ማድጋቸው የት እንደቆመ፣ እሳታቸው የት እንደነደደ፣ ወፍጯቸው ምን ያህል እንደተበላ አንድም ሳታስቀር ጽፈሃል። ስለ እኛ ቤት ግን አልጠየቅህም። አብዱናሲር ወረቀቱን ገልብጦ ቢያይም አላገኘም።

ባትጠይቅም ልንገርህ። ምሰሶውን ምስጥ ጨረሰው። ክረምት ላይ የጓዳው ግድግዳ ወደቀ፤ እኔና ልጅህ አንድ ጥግ ይዘን ከረምን። ይህንኑ ባለፈው ባስጽፍልህ፣ መልስህ ቆፍራችሁ ስላገኛችሁት የወይን መጭመቂያ ሆነ። የሞተ ሰው ቤት ስትጠርግ የቁም ቤትህ ፈረሰ ብለህ ጻፍልኝ ስለው፣ አብዱናሲር ይህንስ ብንተወው አለኝ። ጻፈው አልኩት። አዝኜብሃለሁ፤ ከሐዘኑ ግን ድካሙ ይብሳል።

መሪማን አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት፣ የሰው ቤት ይቆፍራል ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ሌባ አድርጎሃል።

ከጻፍኸው ሁሉ አንዱን ወደድኩት። ሳይቃጠል ሳይዘረፍ ባዶውን የቀረ ቤት አገኘን፣ የደጃፉ ድንጋይ አለ፣ በሩ ግን የለም ብለሃል። ጌታህም፣ ሸሽቶ የሄደ ሰው በሩን ትቶ ይሮጣል፤ በሩን ነቅሎ የሄደ ግን አስቦበት ነው፣ አይመለስም አለህ። እውነቱን ነው።

ወንድሜ ገርባ ሊወስደን ከደራ አህያ ይዞ መጥቷል። ከዚህ ቤት ምስጥ ያልነካው፣ ከአርሲ ተራራ ያስመጣኸው የጥድ በር ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ገርባ ነቀለው። ሲጭነው መሪማ እንዳይወድቅ በእጇ ትደግፈው ነበር። ወፍጮው ስለከበደን ትቼዋለሁ። የመጣህ ቀን መቆፈር አያስፈልግህም።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ከሰው አገር አፈር ያውጣህ። ደረትህን ሸፍነህ ተኛ።

የመሪማ እናት